ዜሮ ላይ ያስተውኳት ቁልፍ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። በየዓመቱ ፊታቸው ተንበርክኬ ጾም መግደፌን፣ ሰው መስደቤን፣ በሐሰት መማሌን ስዘረዝር ኖሬያለሁ፤ ይቺን ግን ጥርሴ ውስጥ ቀርቅሬ ይዣት እወጣለሁ። "ሌላስ ልጄ?" ይሉኛል። "ሌላ የለም አባቴ" እላለሁ። ውሸታም! ሌላ ነበረ። የዘረዘርኩት ሁሉ ትርፍ ነው፤ ዋናዋ ይቺ ናት።

አንተም ይህን የምታነበው፣ ከንፈርህን እንዳትመጥልኝ። "ሰው ነውና ይሳሳታል" እንዳትለኝ። አልተሳሳትኩም። የተሳሳተ ሰው ሳያውቅ ነው የሚያጠፋው፤ እኔ አውቄ ነው ያጠፋሁት፤ አጥፍቼም ምሳዬን በልቼ ተኝቻለሁ። ደግሞስ አንተ ማን ነህና ነው የምትምረኝ? ዝም ብለህ ስማ።

ስሜ ተስፋዬ ነው። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ጅቡቲ ውስጥ ፔካ 12 የሚባል ሰፈር በያጅ ነኝ። ከባድ መኪኖቹ ወደ ኢትዮጵያ ከመውጣታቸው በፊት የሚሰለፉበት መንገድ ዳር፣ ቆርቆሮው ቀን ሙሉ የሚግልበት ግቢ ውስጥ እሠራለሁ። የመኪና ነዳጅ ታንክ ቢቀደድ፣ አሉሚኒየም ቢሰነጠቅ ሾፌሮቹ "ለተስፋዬ ስጡት" ይላሉ። ያኮራል አይደል? እኔንም ያኮራኝ ነበር። ይህ ስም የማን እንደነበረ ግን አያውቁም።

የጀማል ነበር። ጀማል በአሥር ዓመት ይበልጠኛል፤ ግን የድሬ ሰው አንቱ አያበዛም፣ አንተ እንባባላለን። ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ሥራ ፈት ሆኜ ስንከራተት የብየዳ ኤሌክትሮድ ያስጨበጠኝ እሱ ነው። ጅቡቲ ያስጠራኝ እሱ ነው። ካርቲየ 2 ሰፈር ያለችው ጠባብ ክፍሉ ውስጥ ግማሽ ፍራሹን የሰጠኝ እሱ ነው። ፉል ሲበላ ሳህኑን ወደኔ እየገፋ "ብላ እንጂ አቦ፣ ሙሽራ ነህ እንዴ?" ይለኝ ነበር። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ይባል የለ? ነካሹ እኔ ነኝ።

ለምን ጠላሁት? ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ክፉ ቢሆን ኖሮ እኮ ቀላል ነበር። ክፉ አልነበረም። ሲሠራ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ብየዳው ስፌት ይመስላል። እኔ ስሠራ አጠገቤ ይቆምና ሰው ፊት፣ ሾፌር ፊት፣ አሠሪያችን ፓትሮኑ ፊት፣ "ቀስ በል ተስፍሽ፣ ብረት ሲቸኩሉበት ይጠላል" ይለኛል። በፍቅር ነው የሚለው። ያ ፍቅሩ ነው ያንገበገበኝ። እንኳን ብረቱ እኔም እጠላው ጀመር። አንድ ቀን የኔን ብየዳ ሰው አይቶ "ይሄ የጀማል ነው አይደል?" ሲል የፈላብኝን ደም እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ምቀኛ የሚባለውን ሰው ከሩቅ ነበር የማውቀው፤ ለካ አብሮኝ ይተኛል።

ከዚያ ማሽኑ መጣ። የቲግ ብየዳ ማሽን፣ አሉሚኒየም የሚበይድ፣ በአርጎን ጋዝ የሚሠራ። ፓትሮናችን ጅቡቲያዊ ነው፤ ግቢ ውስጥ አስወርዶት ሲያበቃ ዙሪያውን ዞረው። ፊቱ ላይ አንድ ረድፍ ቁልፎች አሉ፤ በየቁልፉ ሥር ጽሑፉ ፈረንሳይኛ ነው። ጀማል ሶማልኛ ይናገራል፣ አረብኛ ይናገራል፣ ኦሮምኛ ይናገራል፤ ከፈረንሳይኛ ግን ፊደሉንም አይለይ። እኔ ማታ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ገብቼ ስለነበር አነባለሁ። ፓትሮኑ እኔን አምቡሊ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለ ወርክሾፕ ላከኝ። "አሥር ቀን ተማር። ስትመለስ ለጀማል አስተምረው። ከዚያ ሁለታችሁንም አይቼ ማሽኑን ለአንዳችሁ እሰጣለሁ፤ ሌላው ወደ በርና መስኮት ሥራ ይሄዳል" አለ።

ሰማህ? ማሽኑ ለአንዳችን ብቻ ነበር። ጀማል ግን ለአንዳችን ብቻ መሆኑ ጆሮው ውስጥም አልገባ። "የተማረ ይግደለኝ! ሂድ ወንድሜ፣ ለሁለታችን ተማርልን" ብሎ ጀርባዬን መታ አድርጎ ላከኝ። እኔም ሄድኩ፤ ለአንዳችን ተማርኩ።

አምቡሊ ያስተማረኝ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። ከቁልፎቹ ሁሉ አንዷን ሦስት ጊዜ ደገመልኝ። ከግራ ሦስተኛዋን። እኔ በአማርኛ ማክሰሚያ እላታለሁ። ጣትህን ከቶርቹ፣ እሳቱ ከሚወጣበት እጀታ ላይ ስታነሳ እሳቱ ባንዴ ድርግም እንዳይል የምታደርግ እሷ ናት። አምስት ላይ ካደረግካት እሳቱ አምስት ሰከንድ ያህል እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ ይከስማል፤ አንተም በዚያ መሀል ሽቦ ጨምረህ የቀለጠውን ጉድጓድ ትሞላዋለህ። ዜሮ ላይ ከሆነች እሳቱ ቀጥ ይላል። የቀለጠው አሉሚኒየም ደንግጦ ይጨማደድና መጨረሻው ላይ ትንሽ ኮከብ የምትመስል ስንጥቅ ይተዋል። የዝንብ እግር ታክላለች። የዚያን ቀን አትታይም፤ አታፈስም። መንገድ ላይ፣ መኪናው ሲንገጫገጭ ነው የምትከፈተው። ሽማግሌው አንድ የተሰነጠቀ ቁራጭ አምጥቶ በጥፍሩ እያሳየኝ "ይሄን የማያውቅ ሰው ታንክ እንዳይነካ" አለኝ።

ተመልሼ ጀማልን ማሽኑ ፊት አቆምኩት። ልክ እንደ ተማሪ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። ሃምሳ ሊሞላው የተቃረበ ሰው! አንድ በአንድ ነገርኩት። ለብረት ይሄ፣ ለአሉሚኒየም ይሄ። አምፔሩ በዚህ ይጨምራል። ጋዙ በዚህ። ሁሉንም እውነት ነገርኩት። ከዚያ ሦስተኛዋ ላይ ደረስኩ።

"ይቺስ?" አለኝ።

"ይቺ ለኛ ሥራ አትሆንም። ዜሮ ላይ ተዋት። ከነካሃት ማሽኑ ይቃጠላል" አልኩት።

"ወላሂ? እንኳን ነገርከኝ!" አለ፤ እጁንም ከሷ አራቀ።

አልበቃኝም። ኤሌክትሮድ የለመደ ሰው ሲጨርስ እጁን ቶሎ መንጠቅ እንደሚቀናው አውቃለሁ፤ እኔንም ልማዱን ያስተወኝ ፈረንጁ ነው። ጀማል ሠላሳ ዓመት የነጠቀ ነው። እናም "ሲያልቅ ልክ እንደ ኤሌክትሮዱ ቶሎ አንሳ፣ አትቆይበት" አልኩት። በገዛ ልማዱ ገመድ ሠራሁለት። ዋሸሁት። ዜሮ ላይ ተዋት አልኩት። ሲጽፉት ስንት ቃል ነው? ሦስት። ሦስት ቃል ብቻ።

ሌላም አደርግ ነበር። እኔ አሉሚኒየም በይጄ ስጨርስ ማሽኑን ከመዝጋቴ በፊት ቁልፎቹን ሁሉ ወደ ዜሮ እመልሳቸዋለሁ። በሙያችን የቆየ ክፋት ነው፤ ሌላው አይቶ እንዳይማር። የድሮ ባለሙያዎች ሲያደርጉት ያየነው ከጀማል ጋር ነበር፤ ያኔ እሱ "እንዲህ ያለ ሰው ሙያውን ይዞ ይቀበር" ብሎ ተራግሞ ነበር። እርግማኑ እኔን እንደሚያገኘኝ መቼ አወቀ! ጠዋት ይመጣል፣ ቁልፎቹን ዜሮ ላይ ያገኛቸዋል፤ "ማሽኑን እንዴት ነው የምትንከባከበው አቦ!" ይለኛል። ያመሰግነኛል! እኔን!

ብልህ ነበርና አንድ ቀን ስፌቱ ጫፍ ላይ የምትቀረውን ጉድጓድ አይቶ ጠራኝ። "ይቺ ነገር ደስ አላለችኝም ተስፍሽ። ምንድን ናት?" አለኝ። ዓይኑ ያውቃል፤ ብረት ነግሮታል። የሚያምነው ግን እኔን ነው። "የአሉሚኒየም ጠባይ ነው፤ ሁሉም እንደዚያ ነው" አልኩት። "እሺ" አለ። ከዓይኑ ይልቅ የኔን አፍ አመነ። እንደዚህ የሚያምንህ ሰው አለህ? ካለህ እግዜር ከኔ ዓይነቱ ይሰውረው።

ፓትሮኑ የፈተና ቀን ቆረጠ። የአንድ መኪና ሁለት ታንክ ተሰነጣጥቆ መጣ። የቀኙ ለኔ፣ የግራው ለጀማል። ጠዋት ሁለታችንም በየድን። ስፌቱን ካየህ የሱ ያምራል፤ ይህን ዛሬም አልክድም። ፓትሮኑ አየር ነፍቶ፣ ሳሙና ቀብቶ አየ፤ የማንኛችንም አረፋ አላወጣም። መኪናው ሄደ። ጀማል ምሳ ጋበዘኝ። "ማንም ያሸንፍ፣ ቤቱ አንድ ነው" አለኝ። በላሁ። ጎረስኩለት። ጉሮሮዬ ላይ አልቆመም፤ ወርዷል። ይሄን ነው የምነግርህ፤ ወርዷል!

በዘጠነኛው ቀን መኪናው ተመለሰ። የግራው ታንክ ናፍጣ እያንጠባጠበ። ሾፌሩ ግቢው መሀል ቆሞ ፈጣሪ የሰጠውን አፍ ሁሉ ከፈተው፤ መንገድ ላይ ሊያልቅብኝ ነበር፣ በረሃ ላይ ልቀር ነበር እያለ። ፓትሮኑ ጀማልን ሰው ፊት ሰደበው። በሶማልኛም በፈረንሳይኛም ሰደበው፤ አንዱ እንዳያመልጠው። ጀማል ታንኩ ሥር ተንበርክኮ ያቺን ኮከብ በጣቱ ዳበሳት፤ ከዚያ ወደኔ ዞረ።

"ምን አጠፋሁ ወንድሜ?" አለኝ።

በሩ ያኔም ክፍት ነበር። "ቁልፏ ናት" ብል ያልቅ ነበር። አፍሬ እቀጣለሁ፣ ምናልባት እባረራለሁ፣ ይኸው ነው። አላልኩም። ምን እንዳልኩ ስማ፤ ከመጀመሪያው ውሸት የምትከፋው ይቺ ናትና። "እጅህ ነው" አልኩት። "እጅህ ከባድ ነው ጀማል። ለኤሌክትሮድ የተሠራ እጅ ነው፤ ለዚህ አይሆንም።"

እጁን አየው። ገልብጦ መዳፉን አየው። የሰው ልጅ የገዛ እጁን እንደ ባዕድ ዕቃ ሲያይ አይተህ ታውቃለህ? እኔ አይቻለሁ። ያደረግሁትም እኔ ነኝ።

ፓትሮኑ አላባረረውም፤ ወደ በርና መስኮት ተመለስ ነው ያለው። ጀማል ራሱ ትቶ ወደ ድሬ ሄደ። "እጄ ከከበደ አገሬ ገብቶ ይክበድ" አለ፤ ሳቀም። ለፓትሮኑ "ተስፋዬ በደንብ ነው ያስተማረኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" ብሎ መሰከረልኝ። ክፍሏን ለኔ ተወልኝ። የቆዳ ሽርጡንም ተወልኝ። እስከ ዛሬ እለብሰዋለሁ። ምን ዓይነት ፊት ነው ያለኝ?

እዚህ ላይ ቢያበቃ፣ ይሁን፣ አንድ ሰው በድዬ አንድ ወንበር ወሰድኩ ብዬ እተኛ ነበር። አላበቃም። ክፉ ቃል ተናግረህ የምትተዋት አይምሰልህ፤ እግር አላት።

ከአራት ዓመት በኋላ አህመድ የሚባል የድሬ ሾፌር መጣ። መኪናው ኋላ ላይ "ምቀኛ አታሳጣኝ" ተብሎ ተጽፏል። አላሳጣውም፤ ቀጥ ብሎ እኔ ጋ መጣ። ታንኩ ያፈሳል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ስፌቱ ያምራል፤ በየስፌቱ መጨረሻ ላይ ኮከብ አለች። አምስት ስፌት፣ አምስት ኮከብ። ማን እንደሠራው ሳይነግረኝ አወቅሁ።

"ጀማል ነው" አለኝ አህመድ። "ድሬ ላይ ይሄን ማሽን አምጥቶ ሱቅ ከፍቷል። አንዲት ቁልፍ አለች፣ አያስነካም! 'ጅቡቲ ያለው ወንድሜ ዜሮ ላይ ተዋት ብሎኛል፣ ከነካኋት ይቃጠላል' ይላል። አንተ ነህ እንዴ እሱ? ሰላም በለው ብሎኛል፤ ዱዓ ያደርግልሃል።"

ይኸውልህ። እኔ ፔካ 12 ተቀምጬ እሱ ድሬ ላይ ሆኖ ትእዛዜን ይጠብቅ ነበር። ምእመን እንኳ እንዲህ አይጠብቅም። አስቀያሚ ነገር ልንገርህ? ተናደድኩ። በራሴ አይደለም፤ በሱ ነው የተናደድኩት። ምን ዓይነት ሰው ነው? አንዴ እንኳ አይሞክራትም? አንዴ እንኳ አይጠረጥረኝም? ብትጠረጥረኝ ምን ነበረበት አንተ ሰው! ያን ታንክ በይጄ፣ ኮከቦቹን አጥፍቼ፣ አህመድን "ሰላም በልልኝ" ብዬ ሸኘሁት። ሲወጣ የጀማልን ስልክ ጽፎ ሰጠኝ። ኪሴ ከተትኩት። አልደወልኩም።

ከዚያ በኋላ ስንቱ መጣ! የጀማል ኮከብ ያለበት ታንክ ሁሉ ድሬዳዋ ተበይዶ እኔ ጋ ይከፈታል። ሾፌሮቹ ይቀልዱበት ጀመር። "ጀማል የነካው ያለቅሳል" ይላሉ። እኔም አብሬ ስቄያለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ። "ጀማል ያበላሸውን ተስፋዬ ያቃናዋል" ሲሉ ጸጥ ብዬ ሰምቻለሁ። ያበላሸው ማን እንደሆነ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሽርጡን ለብሼ ቆሜ!

አሁን ለምን ተናገርክ ትለኛለህ። ደግ ሆኜ አይደለም፤ ደግነት ሽታውም የለኝ። ትናንት አህመድ መጣ፤ ምንም የሚበየድ ነገር አልነበረውም፤ ወሬ ነው ይዞ የመጣው። ጀማል ማሽኑን ሸራ አልብሶታል። አርብ ገዢ መጥቶ ይወስደዋል። ኤሌክትሮዱንም ትቷል። እጁን ለሰው እያሳየ "ተስፋዬ ያኔውኑ ነግሮኝ ነበር፣ እጄ ከባድ ነው፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት" ይላል። በረንዳው ላይ ይቀመጣል፣ እጁን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል፣ በቃ። ያ እጅ! እኔን ኤሌክትሮድ መያዝ ያስተማረኝ እጅ፣ ሳህን ወደኔ የገፋ እጅ፣ ድሬ ላይ ብረት የሚገዛ ሁሉ በስሙ የሚምልበት የነበረ እጅ። ሰውዬው ሙያውን ሊቀብር ነው፤ ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ።

ስልኩን አነሳሁ። ቁጥሩን ነካሁት፤ አንዴ ሲጠራ ዘጋሁት። ለምን እንደዘጋሁት ልንገርህ። የሚለኝን አውቀዋለሁ። ሁሉንም ሰምቶ "አብሽር ወንድሜ" ይለኛል። ወላሂ ይለኛል። ያቺን ቃል መሸከም አልችልም። ይጩህብኝ፣ ይርገመኝ፣ መጥቶ በዚያው እጁ በጥፊ ያልሰኝ፤ ይቅርታውን ግን አልፈልግም። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩት። ነገ ጠዋት አህመድ ሲወጣ ይዞት ይሄዳል፤ ሐሙስ ይደርሳል። አህመድ መንገድ ላይ ከፍቶ ካነበበውም ያንብበው። ለፔካ 12 ሾፌር ሁሉ ያንብብላቸው። ለንስሐ አባቴም አንድ ቅጂ እሰጣለሁ፤ ሌላስ ልጄ ላሉት መልሱ ይኸው።

የቀረው ላንተ ነው ጀማል።

አፉ በለኝ አልልህም። እጅህ ደህና ነው። እጅህ አንድም ቀን ከብዶ አያውቅም። አርብ የሚመጣውን ሰውዬ መልሰው፤ ሸራውን ግለጠው። ከግራ ሦስተኛዋን ቁልፍ አምስት ላይ አድርጋት፤ አትፍራ፣ ማሽኑ አይቃጠልም። ሲያልቅ ጣትህን አንሳ እንጂ እጅህን አትንጠቅ። እዚያው ቆይ፤ ሽቦውን አንዴ ጨምርበት፤ እሳቱ ራሱ እስኪከስም፣ ጋዙም እስኪያቆም ጠብቅ። ከዚያ ጫፉን እየው። ኮከብ የለም።

ዜሮ ላይ ተዋት ያልኩህ እያወቅሁ ነው።